ጀርባው ላይ ስም የሌለው ፎቶግራፍ

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የአባቴ ታላቅ እኅት ከ50 ዓመት በላይ የኖሩበትን የቀበሌ ቤት ለቀው በከተማዋ ዳርቻ ወደሚገኝ ኮንዶሚኒየም ተዛወሩ። ዕቃ ለመጫን ከሄድነው የቤተሰቡ ልጆች አንዱ እኔ ነበርሁ። አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ረከቦቱና በርሜሉ ሁሉ አይሱዙው ላይ ወጣ። እትዬ (አባቴ ሲጠሯቸው እየሰማን ስላደግን ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው) ከጭነቱ ጋር እንዳይሄድ የከለከሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በፌስታል የተጠቀለለ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ። እስከ አዲሱ ቤት ድረስ ጭናቸው ላይ አድርገው ይዘውት ሄዱ። በውስጡ የቤተሰባችን ፎቶግራፎች ነበሩ።

ቆርቆሮውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በዓመት በዓል ቀን ቡናው ከተፈላ በኋላ ይወርድና ፎቶግራፎቹ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ ትልልቆቹ ይስቃሉ፣ አንዳንዴም ዝም ይላሉ። ከሁሉም ይበልጥ ዝም የሚያሰኘው ደግሞ አንድ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሽኝት ሰሞን ፎቶ ቤት ገብተው የተነሡ ስድስት ወጣቶች ይታዩበታል። ሁሉም የዘማች ካኪ ለብሰዋል፤ ሁሉም ደረታቸውን ነፍተዋል። ከግራ ሦስተኛው ግን ፊት የለውም። ፊቱ በመቀስ፣ በጥንቃቄ፣ ክብ ሆኖ ተቆርጦ ወጥቷል። የቀረው የሸሚዙ ኮሌታና የጓደኛው ትከሻ ላይ ያሳረፈው ቀኝ እጁ ነው።

ያ ወጣት በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የተገደለው የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው።

መምህር ነኝና ይህን ፎቶግራፍ ቅጂ አንሥቼ ለዓመታት በክፍል ውስጥ ተጠቅሜበታለሁ። ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ማብራሪያ የተዘጋጀና የተስተካከለ ነበር፦ «ይህ ቀዳዳ የፍርሃት ማኅተም ነው። አሳሾች በር ሲያንኳኩ ቤተሰብ የራሱን ልጅ ፊት በገዛ እጁ አጠፋ። አምባገነን ሥርዓት ትዝታን የሚያጠፋው እንዲህ ነው።» ተማሪዎቼ በጽሞና ያዳምጡኝ ነበር፤ አንዳንዶቹም ማስታወሻ ይይዙ ነበር።

ተሳስቼ ነበር። እንዴት እንደተሳሳትሁ ከመናገሬ በፊት ግን አንባቢ ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ፤ ጉዳዩ ከአንድ ቤተሰብ ቆርቆሮ ሰፋ ያለ ነውና።

ካሜራ በግቢ፣ አጥር በመንገድ

ፎቶግራፍ በአገራችን ሥር የሰደደው በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የዳግማዊ ምኒልክ ግቢ አርመናዊውን ቤድሮስ ቦያጂያንን ፎቶግራፍ አንሺው አድርጎ ያዘ። ሙያው ወደ ልጆቹ ተላልፎም ሃይጋዝ በንግሥት ዘውዲቱ፣ ቶኒ ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አገልግለዋል። በዚያ ዘመን ካሜራ ከባድ፣ መስታወቱም ውድ ነበር፤ የሚነሣውም ሰው ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። ስለዚህ ካሜራው ተራ ኑሮን አሳዶ ለመያዝ አልተመቸም። የተመቸው ሰው ሁሉ በየማዕርጉ ተሰልፎ ቀጥ ብሎ ለሚቆምበት የመንግሥት በዓል ነበር። ከዘመኑ የተረፉልን ፎቶግራፎች አብዛኞቹ የባለሥልጣንና የሥነ ሥርዓት ምስሎች የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

የዚህ ዝምድና ከፍተኛው ቀን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ለዓለም እንዲታይ ታስቦ የተሰናዳ በዓል ነበር። ከእንግሊዝ የግሎስተር መስፍን፣ ከፈረንሳይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ፣ ከጣሊያን የኡዲኔ ልዑል መጡ። በዋዜማው የምኒልክ ሐውልት ተመረቀ። የአሜሪካው ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በሰኔ 1931 እትሙ ለበዓሉ ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ባለ ቀለም ፎቶግራፎች አወጣ። ዛሬ በየሆቴሉና በየመጻሕፍት መደብሩ ግድግዳ ላይ የምናያቸው የዘውድ፣ የካባና የአንበሳ ለምድ ምስሎች ብዙዎቹ የዚያ ሰሞን ትሩፋት ናቸው።

በበዓሉ ላይ ዘጋቢ ሆኖ የተገኘው እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ አንድ ሌላ ነገር መዝግቦልናል። የእንግዶቹ ዓይን በድሆች ጎጆዎች ላይ እንዳያርፍ በዋና ዋናዎቹ መንገዶች ዳር ከሰው ቁመት የበለጠ አጥር ይታጠር ነበር። ዎ ስለ አገራችን ሲጽፍ ንቀትና ፌዝ የሚቀናው ሰው ነበርና ቃሉን ሁሉ እንዳለ መቀበል አይገባም። ይሁንና የአጥሩ ነገር ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ ወሬ አይሆንበትም። በከተማችን ትልቅ ስብሰባ በቀረበ ቁጥር በየመንገዱ ዳር የሚተከለውን አዲስ ቆርቆሮ ያየ ሰው፣ ከ90 ዓመት በፊት ስለ ነበረው አጥር ሲነበብለት ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ከዚህ የምወስደው ቁም ነገር አንድ ነው። የበዓል ፎቶግራፍ አዘጋጁ እንድናይለት የፈለገውን ያሳየናል። ከአጥሩ ጀርባ የነበረውን ግን ፎቶግራፉ ብቻውን አይነግረንም፤ የነበረ ሰው መናገር፣ የሰማ ሰውም መጻፍ አለበት።

ገዳይ ያነሣው ፎቶግራፍ

ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ በዚያችው ከተማ ሌላ ሥነ ሥርዓት ተሰናዳ። ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል መወለዱን ምክንያት አድርጎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ለድሆች ገንዘብ እንዲሰጥ አዘዘ። ዛሬ ስድስት ኪሎ የዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ የሆነው ቦታ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የወረወሩት ቦምብ ግራዚያኒን አቆሰለው፤ ቀጥሎ የመጣውን የሦስት ቀን እልቂት አንባቢ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ሲል፣ እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኢያን ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው ጥናቱ ወደ 19,000 ገደማ ገምቶታል።

ከዚያ ዘመን ግፍ የተረፉት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ በገዳዮቹ እጅ የተነሡ ናቸው። የጣሊያን ወታደሮችና ሸሚዘ ጥቁሮች የሰቀሉትንና የቆረጡትን ሰው አጠገብ ቆመው እየተነሡ ለመታሰቢያ ያስቀምጡ፣ ወደ አገራቸውም ይልኩ ነበር። ጊዜ ተገለበጠና እነዚያው የመኩራሪያ ፎቶግራፎች የክስ ማስረጃ ሆኑ። የኢትዮጵያ መንግሥት ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ያቀረባቸውንና እ.ኤ.አ. በ1949 እና በ1950 በሁለት ቅጽ ያሳተማቸውን ሰነዶች የገለጠ ሰው ያገኛቸዋል።

እነዚህ ፎቶግራፎች ሲታዩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያመኝ ስም አልባነታቸው ነው። ገዳዩ አንዳንዴ በስሙና በማዕርጉ ይታወቃል። የተገደለው ግን «አንድ ኢትዮጵያዊ አርበኛ» ነው። የማን ልጅ? የየት አገር ሰው? ጎረቤቶቹ ምን ብለው ይጠሩት ነበር? ካምቤል የየካቲት 12ን ፎቶግራፎች ከቦታዎቹና ከዓይን ምስክሮች ቃል ጋር እያገናኘ ብዙ ሊናገር የቻለው የነበሩት ሰዎች ሳያልፉ ስለ ደረሰባቸው ነው። ዘግይቶ ቢጠይቅ ኖሮ ምስሉ እያለ ነገሩ ይጠፋ ነበር።

የአባቴ ጫማ

አሁን ወደ ብስኩቱ ቆርቆሮ ልመለስ። ካሉት ፎቶግራፎች አሮጌው በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተነሣ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑበት 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ ተብሎ የተከበረበትና የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የታወጀበት ወቅት ነበር። በሰልፍ የቆሙ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ይታያሉ፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ቁምጣ፣ በየእጃቸው ትንሽ ባንዲራ። ከፊት ረድፍ የ9 ዓመት ልጅ የነበሩት አባቴ ቆመዋል፤ እግራቸው ላይ የሚያብረቀርቅ ቆዳ ጫማ አለ።

ይህን ፎቶግራፍ ዛሬ አንድ ተመራማሪ ቢያገኘው ምን ይል ነበር? የዘመናዊ ትምህርት መስፋፋት፣ የከተማ መካከለኛ መደብ ማቆጥቆጥ፣ ጫማ የሚጫማ አዲስ ትውልድ። እኔም ያንኑ እል ነበር። አባቴ ግን ከማረፋቸው ጥቂት ዓመታት በፊት እየሳቁ እንዳወጉኝ ጫማው የጎረቤት ልጅ ነበር። ባለቤቱ በዚያ ቀን ወባ ይዞት ተኛ፤ መምህሩ ደግሞ ባለ ጫማ ልጆች ከፊት እንዲቆሙ አዝዘው ነበር። የልጁ እናት «ጫማው እንኳ ጃንሆይን ይይ» ብለው ለአባቴ አዋሱ። ጫማው ሁለት ቁጥር ያህል ይሰፋቸው ስለ ነበር ጨርቅ ተወትፎበት ነው ፎቶው የተነሣው። ስለ 1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከዚህ ጨርቅ የበለጠ የሚያስረዳ ሰነድ በጥቂቱ ነው ያነበብሁት። በፎቶግራፉ ላይ ግን አይታይም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ሲወጡ በየትምህርት ቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየሳሎኑ የተሰቀለው ምስላቸውም አብሮ መውረድ ጀመረ። መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ ተባለ። ከ17 ዓመት በኋላ ደግሞ በግንቦት 1983 ዓ.ም. የሌኒን ሐውልት ሲነቀል አደባባዩም ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ። ቀደም ሲል ጣሊያኖች የምኒልክን ሐውልት ነቅለው ደብቀውት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ነው ተመልሶ የቆመው። በእኛ አገር ባለ ተራው መንግሥት የራሱን በዓል ከማክበሩ በፊት የቀዳሚውን በዓል ምስል ከግድግዳ ያወርዳል። ይህ ልማድ በአንዱ ሥርዓት ብቻ የሚላከክ አይደለም፤ ሁሉም ተካፍለውታል።

የበዓል ምስል ምን ያህል ሊደብቅ እንደሚችል ከ1977 ዓ.ም. የበለጠ የሚያስተምር ዓመት አላውቅም። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ተከበረ። ኢሠፓ የተመሠረተው፣ የትግላችን ሐውልት የተመረቀው በዚሁ ሰሞን ነው። የአደባባዩ ሰልፍ ፎቶግራፎች ዛሬም ሲታዩ ያስደንቃሉ፤ ረድፉ የተለካ፣ ባንዲራው የተትረፈረፈ፣ ሁሉም ነገር በሥርዓት የተደረደረ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸውና ማይክል በርክ የዘገበው የረኃብ ምስል በቢቢሲ ተላልፎ ዓለምን አስለቀሰ። በሁለቱ ምስሎች መካከል ያለው ርቀት 41 ቀን ነው። በአገራችን ልማድ ለሙት አርባ ይወጣለታል፤ የዚያ በዓል አርባ የወጣው በኮረም ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

እድሩ፣ ጉርድ ፎቶውና ብሔረ ጽጌ

መንግሥታት እርስ በርስ ምስላቸውን ሲያጠፋፉ የከተማዋ እውነተኛ ታሪክ የተረፈው በየቤቱ ነው። በእትዬ ቆርቆሮ ውስጥ ከ60 በላይ ፎቶግራፎች አሉ። ባለሥልጣን የሚታይባቸው ሁለት ብቻ ናቸው። የቀሩት የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ብሔረ ጽጌ መናፈሻ አበባ መካከል ቆመው የተነሡ ሙሽሮች፣ ጃን ሜዳ ጥምቀት ላይ ነጠላቸውን ያጣፉ ልጃገረዶች፣ የእድሩ ድንኳን ሲመረቅ አግዳሚ ወንበር ላይ የተደረደሩ ሽማግሌዎች፣ አጠገባቸውም ጥሩምባውን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ያቀፈው የእድሩ ለፋፊ።

እነዚህ ፎቶግራፎች የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ባለ 36 ፊልም ገዝቶ ካሜራ የሚከራይ ሰው እያንዳንዷን ጥይት ቆጥሮ ነው የሚያነሣት። ስለዚህ ሰው ለፎቶ ይዘጋጅ ነበር፤ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ካልሆነለትም እንደ አባቴ ይዋሳል። ጉርድ ፎቶ ደግሞ ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ ይነሣና ባለቤቱ ሲሞት ሌላ ግዳጅ ይቀበላል። ፎቶ ቤት ተወስዶ ያድጋል፣ ፍሬም ይገባል፣ ለቅሶ ላይ እናት ወይም እኅት ደረቷ ላይ ይዛው ታለቅስበታለች። በአገራችን ብዙ ሰው ትልቅ ሆኖ በፍሬም የሚታየው ከሞተ በኋላ ነው።

የእነዚህን የቤት ውስጥ ፎቶግራፎች ዋጋ የተረዱ ሰዎች መነሣታቸው የሚያስደስት ነው። ከነዋሪዎች አልበም በተሰበሰቡ ፎቶግራፎች የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው መጽሐፍ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም ከሁሉ ይልቅ የሚናገረው በግድግዳው ላይ በተደረደሩት የሟቾች ፎቶግራፎች ነው። አብዛኞቹ ከቤተሰብ የመጡ ናቸው። ጉርድ ፎቶ፣ የትምህርት ቤት ፎቶ፣ ከጓደኛ ጋር የተነሡት። ለመታወቂያ የተነሣ ፊት ለታሪክ ምስክር ሆኖ ቆሟል።

የእኔ አጎት ከዚያ ግድግዳ ላይ የለም። የሚሰጥ ፊት አልነበረንም።

እትዬ የነገሩኝ

እትዬ አዲሱ ቤታቸው በገቡ በሁለተኛው እሑድ ልጠይቃቸው ሄድሁ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ጉልበታቸው ደረጃውን አልወደደውም። ቡና እስኪፈላ ቆርቆሮውን ከፍተን ፎቶግራፎቹን እንደ ልጅነቴ አልጋው ላይ ደረደርናቸው። የተቆረጠውን አነሣሁና ለዓመታት መልሱን የማውቅ ስለ መሰለኝ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ ጠየቅሁ፦

«እትዬ፣ ይህ በአሰሳው ጊዜ ነው አይደል የተቆረጠው?»

«የምን አሰሳ ትለኛለህ» አሉ። «በአሰሳው ጊዜ ማን ነካው! ይኼን ቆርቆሮ ፎቶዎቹን ከሥር አድርጌ በላዩ ሽሮ ሞላሁበት። ገብተው ክዳኑን ከፈቱት፣ አሸተቱት፣ ሄዱ።»

«ታዲያ ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኛ።»

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን እንዳለ ለማስቀመጥ እሞክራለሁ።

«በ70 ነው። ሬሳውን አልሰጡን። ለቅሶ አይቻል፣ ድንኳን የለ፣ ጥሩምባ የለ፣ ጥቁር መልበስ የለ። እናታችን የምታለቅስበት ፎቶ እንኳ አልነበራትም፤ ጉርድ ፎቶዎቹን ቀበሌ ሲይዙት ወስደዋቸዋል። ይኼ ብቻ ቀረ። እዚህ ላይ ደግሞ ስድስት ናቸው። ሌሎቹ በሕይወት አሉ፤ በሕይወት ያለ ሰው ላይ እንዴት ይለቀሳል? ሟርት አይሆንም? እናቴ ‹እሱን ብቻ አውጪልኝ› አለችኝ። የልብስ መቀሴን አምጥቼ ቆረጥሁላት። ያባታችን ዳዊት ውስጥ አደረገችው። ማንበብ አትችልም እኮ እናታችን፤ ጠዋት ጠዋት ትገልጠውና ፊቱን ትስማለች። ሰው ሲያይ ዳዊት የምትስም ነው የሚመስለው። ሃያ ዓመት እንዲህ አድርጋለች።»

«ፊቱ አሁን የት አለ?» አልሁ።

«እሷ ስታርፍ ዳዊቱን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠን። ፊቱን ግን ለማንም አላየሁትም፤ ከመገነዣዋ ውስጥ ደረቷ ላይ አደረግሁት። እሱም እንደ ሰው ተቀበረ፣ ልጄ።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አልን። ከዚያም ቡናው ገነፈለ፤ እሳቸውም «እንዴ፣ ቡናው!» ብለው ተነሡ።

አንባቢ ሆይ፣ ለዓመታት በክፍል ውስጥ «የፍርሃት ማኅተም» ያልሁት ቀዳዳ የለቅሶ ቦታ ነበር። የአምባገነንነት ትዝታ አጥፊነት ማስረጃ አድርጌ ያቀረብሁት ነገር ትዝታን ለማትረፍ በአንዲት ማንበብ በማይችሉ እናት የተፈጸመ ብልሃት ነበር። ስለ ሥርዓቱ ጭካኔ የተናገርሁት ሐሰት አልነበረም፤ ልጁን ገድሎ ለቅሶውን የከለከለው ያው ሥርዓት ነው። ነገር ግን የአያቴን ሥራ ሰርቄ ለገዳዮቿ ሰጥቻለሁ። እሷ ያደረገችውን እነርሱ እንዳስደረጓት አድርጌ አስተምሬአለሁ። በታሪክ ትምህርት ከዚህ የከፋ ስህተት ብዙ የለም። ምንጩ ደግሞ የማስረጃ እጥረት አልነበረም። የምታውቀው ሴት ሁልጊዜ ከፊቴ ነበረች፤ እኔ መጽሐፍ አንብቤ ስላወቅሁት አልጠየቅኋትም።

ያን ዕለት ከመሄዴ በፊት የቀሩትን አምስት ወጣቶች ስም ጠየቅኋቸው። አራቱን ነገሩኝ፤ አንዱ አስመራ የቀረ፣ ሁለቱ አሜሪካ የሄዱ፣ አንዱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያረፈ። ከቀኝ ዳር የቆመውን፣ ከሁሉም በላይ የሚስቀውን፣ ግን ዘነጉት። «ስሙ አፌ ላይ አለ» አሉ፤ «ጨዋታ አዋቂ ልጅ ነበር፣ እኛ ቤት ሽሮ በልቷል።» በኋላም ስልክ እየደወልሁ ጠየቅኋቸው፤ አልመጣላቸውም። ፊቱ አለን፣ ስሙ የለንም። የአጎቴ ስሙ አለን፣ ፊቱ የለንም።

ከመፍረሱ በፊት

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ለትካዜ ብቻ አይደለም። አንድ ሰፈር ሲፈርስ ካሳና ምትክ ቤት ይቆጠራል፤ የቤቱ ስፋት በካሬ ሜትር ይለካል። የሰፈሩ ሰው ስለ ራሱ የሚያውቀው ነገር ግን በምንም ቅጽ ላይ አይሞላም። የእትዬ ጎረቤቶች ዛሬ በከተማዋ አራት ማዕዘን ተበትነዋል። ያንን ፈገግተኛ ወጣት በስሙ የሚያውቁ ሌሎች ሁለት ሦስት አሮጊቶች ነበሩ፤ የት እንደ ገቡ አላወቅሁም። እድሩ ፈርሷል፤ የእድሩ መዝገብና የፎቶ አልበም በማን እጅ እንዳለ የጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ ወደ ሌላ ሰው ጠቁመውኛል።

ልማትን የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ እትዬ በአዲሱ ቤታቸው በ83 ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የግል መጸዳጃ አግኝተዋል፤ ይህን የሚያቃልል ሰው በጋራ መጸዳጃ ያልኖረ ነው። የምለው ቀላል ነገር ነው። ሰፈር ከመነሣቱ በፊት ዕቃ የሚቆጥሩ ሰዎች የሚላኩትን ያህል፣ ስም የሚጠይቁና የሚመዘግቡ ጥቂት ሰዎች ይላኩ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ትልቅ የፎቶግራፍ ክምችት አለው፤ ወመዘክርም የአገር ማኅደር ነው። የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤቶች ከእነዚህ ጋር ተነጋግረው የየእድሩን መዝገብና አልበም ቢያንስ ቅጂውን ማስቀመጥ ይችላሉ። ወጪው አንድ የበዓል መድረክ ከሚያስወጣው የሚበልጥ አይመስለኝም።

መንግሥትን መጠበቅ ግን የእኛን ሥራ አይሠራልንም። ስለዚህ ለአንባቢ የማቀርበው የቤት ሥራ አለ። በመጪው በዓል ቆርቆሮው ወይም አልበሙ ሲወርድ የምታውቁት ቢመስላችሁም ጠይቁ። ማን ነው? የት ነው? መቼ ነው? ፎቶውን ማን አነሣው? ማን ነው የሌለው፣ ለምንስ ሳይኖር ቀረ? የማን ጫማ ነው? መልሱን በፎቶግራፉ ጀርባ ላይ በእርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ዘልቆ ፊቱን ያበላሻል። በስልካችሁ ፎቶውን ስታነሡ ጀርባውንም አንሡ። ተራኪው ሲያወጋ ድምፁን ቅዱ። ዛሬ በየስልካችን በሺህ የሚቆጠር ፎቶ እንይዛለን፤ የአንዱም ጀርባ የለውምና የዘመናችን ፎቶግራፍ ስም አልባነት ከአያቶቻችንም ይብሳል።

እኔ በበኩሌ የተቆረጠውን ፎቶግራፍ ጀርባ ሞልቻለሁ። የአጎቴን ሙሉ ስም፣ የአራቱን ጓደኞቹን ስም፣ የቆረጠችውን፣ ያስቆረጠችውንና ፊቱ የተቀበረበትን ቦታ ጽፌአለሁ። ከቀኝ ዳር ለቆመው ወጣት አንድ መስመር ባዶ ትቻለሁ። በክፍል ውስጥም ፎቶግራፉን አሁንም አሳያለሁ፤ በመጀመሪያ ራሴ ያስተማርሁትን ስህተት፣ ቀጥሎ እትዬ የነገሩኝን እናገራለሁ።

ቸር ይግጠመን።